የሌለው ነጭ ቫን

ሦስት ሳምንት ሙሉ ዋሽንግተንና አካባቢው ነጭ ቫን ሲያሳድድ ከረመ። ገዳዮቹ ግን የሚዞሩት በሰማያዊ ሼቭሮሌት ካፕሪስ ነበር። የ1990 ሞዴል፣ በ250 ዶላር የተገዛች አሮጌ መኪና። ያውም በደህና ጊዜዋ ኒው ጀርሲ ውስጥ ፖሊስ የሚነዳት።

የእውነተኛ ወንጀል ታሪክ ሱስ አለብኝ። ስልኬ ላይ ካሉት ፖድካስቶች ግማሾቹ ስለ ገዳዮች ናቸው። ዘመዶቼ «ይህን እየሰማህ እንቅልፍ እንዴት ይወስድሃል?» ይሉኛል። ደህና አድርጎ ይወስደኛል። ከሁሉም በላይ የሚስበኝ ደግሞ ፕሮፋይሊንግ የሚሉት ሙያ ነው። ሰውየውን ሳያዩት፣ ካደረገው ነገር ተነስቶ «ዕድሜው ይህን ያህል ነው፣ ብቸኛ ነው፣ አለቃው ላይ ቂም ይዟል» ማለት። እንደ አስማት ነው። ልክ ሲመጣ ደግሞ ከአስማትም ይበልጣል።

የዚህ ሙያ አፍቃሪ የሆነ ሁሉ ግን የኦክቶበር 2002ን ጉዳይ አንድ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢያየው እላለሁ። የዋሽንግተን አልሞ ተኳሾች ጉዳይ ይባላል። ቀኖቹን በፈረንጆቹ እጽፋለሁ፤ በእኛ መስከረም 22 ቀን 1995 ዓ.ም. የጀመረ ነው። ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር አደርገዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው

ኦክቶበር 2 አመሻሽ ላይ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አስፐን ሂል በሚባል ሰፈር፣ የአንድ ሱቅ መስታወት በጥይት ተበሳ። ማንም አልተጎዳም። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ የሱፐርማርኬት መኪና ማቆሚያ ላይ አንድ ሰው ተመትቶ ሞተ።

ጠዋቱ ነው ከተማውን ያናወጠው። አንድ ሰው ሣር እያጨደ ሳለ ወደቀ። አንድ የታክሲ ሹፌር ነዳጅ እየቀዳ ሞተ። አንዲት ሴት ፖስታ ቤት ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች፣ ሌላዋ ነዳጅ ማደያ ውስጥ መኪናዋን እያጸዳች ተገደሉ። አራቱም በሁለት ሰዓት ከምናምን ውስጥ፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ጥይት። ማታ ደግሞ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ አንድ አዛውንት ተጨመሩ።

አካባቢውን ለምታውቁት መንገር አያስፈልግም። ጆርጂያ አቬኑ ከዲሲ ተነስቶ ሲልቨር ስፕሪንግን አቋርጦ ወደ አስፐን ሂል የሚወጣ መንገድ ነው። የእኛ ሰው የሚኖርበት፣ ታክሲ የሚነዳበት፣ ነዳጅ ማደያና ፓርኪንግ የሚሠራበት አገር ነው። ያን ሰሞን ነዳጅ መቅዳት ራሱ ፈተና ሆነ። ማደያዎች ሸራ ጋረዱ። ሰዉ ከመኪናው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ይቀዳ ጀመር። ቀጥ ብሎ መሄድ ቀረና በዚግዛግ የሚራመድ በዛ። ትምህርት ቤቶች ልጆችን ወደ ውጭ ማውጣት አቆሙ።

ከዚያ ወደ ደቡብ ተዘረጋ። ኦክቶበር 4 ፍሬደሪክስበርግ፣ ቨርጂኒያ፤ ሴትየዋ ቆሰለች እንጂ ተረፈች። ኦክቶበር 7 ቡዊ፣ ሜሪላንድ፤ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተመታ፣ እሱም ተረፈ። በ9 ማናሳስ፣ በ11 እንደገና ፍሬደሪክስበርግ አጠገብ፣ በ14 ፎልስ ቸርች። የፎልስ ቸርቿ ሟች የኤፍቢአይ ሠራተኛ ነበረች። በ19 አሽላንድ ከምግብ ቤት የወጣ ሰው ቆሰለ። በ22 ወደ አስፐን ሂል ተመልሰው አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ገደሉ። በዚያ ሦስት ሳምንት 10 ሰው ሞተ፣ 3 ሰው ቆሰለ።

ቫኑ ከየት መጣ?

በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ሴትየዋ አግዳሚ ወንበር ላይ በተገደለችበት ቦታ የነበረ ምስክር፣ አንድ ነጭ የዕቃ መኪና እየበረረ ሲወጣ አየሁ አለ። አልዋሸም። ነጭ የዕቃ መኪና አይቷል። አሜሪካ ውስጥ የቧንቧ ሠራተኛውም፣ ቀለም ቀቢውም፣ ፖስታ አመላላሹም የሚነዳው ነጭ ነው። በየትኛውም ሰዓት የትኛውም መንገድ ላይ ቁሙ፣ አንድ ነጭ ቫን ያልፋል።

ፖሊስ ይህን ለሕዝብ ሲናገር ነገሩ ራሱን መመገብ ጀመረ። በሚቀጥለው ተኩስ ላይ ሰዉ ገና ጥይት ሲሰማ ዓይኑ የሚፈልገው ነጭ ቫን ነው። ስለሚፈልገውም ያገኘዋል። እንደገና ለፖሊስ ይደውላል። ፖሊስም «በየቦታው ነጭ ቫን ታይቷል» ይላል። አውራ ጎዳናዎች ተዘጉ፣ ነጭ ቫን የሚነዳ ሁሉ እጁን እያወጣ ተፈተሸ። ፎልስ ቸርች ላይማ አንዱ ከነአካቴው ፈጥሮ አወራ። ክሬም ቀለም ያለው ቫን፣ የኋላ መብራቱ የማይሠራ፣ መሣሪያውም እንዲህ ያለ ነው ብሎ ዘረዘረ። የሱቁ ካሜራ ሲታይ ሰውየው በተኩሱ ሰዓት ሱቁ ውስጥ ነው። በሐሰተኛ ምስክርነት ተከሰሰ።

እዚህ ላይ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በዚያው ኦክቶበር 3 ምሽት፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ አዛውንቱ በተገደሉበት፣ አንድ ምስክር ሌላ ነገር አይቶ ነበር። መልኩ ጠቆር ያለ ካፕሪስ ከቦታው ሲርቅ። ተናገረ፣ ተመዘገበ። ግን ነጩ መኪና ቀድሞ ተነግሯል፣ ካፕሪሱ ተረሳ። በኦክቶበር 8 ሌሊት ደግሞ ባልቲሞር ውስጥ አንድ ፖሊስ መኪና ማቆሚያ ላይ ካፕሪስ ውስጥ የተኛ ሰው ቀስቅሶ አናገረ። ፈቃዱን አየ። ምንም የሚያስይዝ ነገር አላገኘበትምና ሂድ አለው። ሰውየው ከገዳዮቹ አንዱ፣ ጆን አለን መሐመድ ነበር። የመኪናዋ ታርጋ በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ በተለያዩ ፖሊሶች ኮምፒውተር ላይ በተደጋጋሚ ገብቷል። መኪናዋ የተሰረቀች አይደለችም። የምትፈለገውም እሷ አልነበረችም።

ወደ ቴሌቪዥኑ ስንመጣ

እንግዲህ የእኔ ነገር የሚመጣው እዚህ ነው። ያን ወር የኬብል ጣቢያዎች ቀን ከሌት ባለሙያ ይጋብዙ ነበር። ጡረታ የወጣ መርማሪ፣ የሥነ ልቦና ሰው፣ የወንጀል ተመራማሪ። የሚሉት በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ነጭ ወንድ። ብቻውን የሚሠራ። በ20ዎቹ ወይም በ30ዎቹ ውስጥ። የሰፈሩ ነዋሪ፣ መንገዱን የሚያውቅ። የሴፕቴምበር 11 ጥቃት አንድ ዓመቱ ስለነበር የአልቃይዳ እጅ ነው ያሉም አልጠፉም።

የተያዙት ሁለት ናቸው። ሁለቱም ጥቁር። አንዱ መሐመድ፣ የ41 ዓመት ሰው፣ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የተሳተፈ የቀድሞ ወታደር። ሌላው ከጃማይካ የመጣ የ17 ዓመት ልጅ፣ ሊ ቦይድ ማልቮ። የሰፈሩ ነዋሪዎች ሊሆኑ ቀርቶ ቤት የሚባል ነገር አልነበራቸውም። የሚተኙት መኪናዋ ውስጥ ነው።

አያቶቻችን ሌባሻይ የሚሉት ነበራቸው። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ ወገቡ ላይ በታሰረ ጨርቅ ተይዞ እየተንገዳገደ መንደሩን ያዳርሳል። ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተባለ ማለት ነው። የዚያን ወር ተንታኞች ቅጂ ሳይ የሚታየኝ ይኸው ነው። ልዩነቱ ከረባት ማሰራቸው።

ለፍትሕ ያህል ግን አንድ ነገር ልለይ። ቴሌቪዥን ላይ የሚያወሩትና ምርመራው ውስጥ ያሉት አንድ አይደሉም። ግድያው የጀመረበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ የፖሊስ አዛዥ የነበሩት ቻርልስ ሙስ ስለ ገዳዩ መልክ በአደባባይ ከመገመት ይቆጠቡ ነበር። ፕሮፋይሊንግን በዓለም ያስተዋወቀው የኤፍቢአይ ክፍልም ኳንቲኮ፣ ቨርጂኒያ ነው የሚገኘው። በ1972 የተቋቋመ ነው። ካርታ ለሚወድ ሰው፣ ኳንቲኮ ከዋሽንግተን ወደ ፍሬደሪክስበርግ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ በአይ-95 ጥግ ነው ያለው። ገዳዮቹ ወደ ደቡብ የሚመላለሱበት መስመር በጥናቱ ማዕከል ደጅ ያልፋል።

ሌላም ዘዴ ተሞክሯል፤ የቦታ ፕሮፋይሊንግ። ወንጀሎቹ የተፈጸሙባቸውን ቦታዎች ካርታ ላይ አስቀምጦ ገዳዩ የት አካባቢ እንደሚኖር በሒሳብ ማስላት ነው። የሚሠራበት ጊዜ አለ፤ ጥሩ ዘዴ ነው። የቆመው ግን ሰው ከሆነ ቦታ ተነስቶ ወደዚያው ይመለሳል በሚል ሐሳብ ላይ ነው። መነሻ የሌለው፣ ማታ የደረሰበት የሚያድር ሰው ሲመጣ ካርታው የሚይዘው ያጣል።

ገዳዩ ስልክ ይደውላል፣ ማንም አይሰማውም

ቡዊ ላይ፣ ልጁ በተመታበት አጠገብ ካለ ጫካ ውስጥ አንድ የጥይት ቀለህና አንድ የጥንቆላ ካርታ ተገኘ። ካርታው ሞትን የሚያሳየው ነው። በላዩ ላይ እግዚአብሔር ብላችሁ ጥሩኝ የሚል ይዘት ያለው መልእክት ለፖሊስ ተጽፎበታል፣ ለጋዜጠኞች እንዳይሰጥም ያዛል። መልእክቱ ግን ወዲያው በዜና ወጣ። ሙስ በጣም ተናደዱ፤ ተገቢም ነበር።

ከዚህ በኋላ ገዳዮቹ ፖሊስን ለማናገር መለማመጥ ጀመሩ ማለት ይቻላል። ደወሉ። የጥቆማ መስመሩ በጥሪ ተጨናንቋል፣ ከሚደውለውም ብዙው ቀልደኛና እብድ ነው። ስልኩ ተዘጋባቸው። እንደገና ደወሉ። አሽላንድ ላይ በተኮሱ ጊዜ ዛፍ ላይ ለጥፈው የሄዱት ደብዳቤ ይህንኑ ያማርራል። ደወልን፣ እንደ ቀልድ ቆጠራችሁን፣ ይህ የአምስት ሰው ሕይወት አስከፈላችሁ ይላል። 10 ሚሊዮን ዶላርም ይጠይቃል። ገንዘቡ እንዲገባ የፈለጉት በተሰረቀ የክሬዲት ካርድ ሒሳብ ላይ ነበር። ከግርጌው «ልጆቻችሁ የትም ቦታ፣ በምንም ጊዜ ደህና አይደሉም» የሚል ቃል አለበት። ያን የሚያነብ ወላጅ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ከነዚህ ስልኮች በአንዱ ተናጋሪው ጉራውን ነዛ። የምናገረው እውነት መሆኑን ከፈለጋችሁ ሞንትጎመሪ ውስጥ የተዘረፈውን የመጠጥ መሸጫ እዩ አለ። አሽላንድ ላሉ አንድ ካህንም ደውሎ ይህንኑ ነገራቸው። ሞንትጎመሪ ሲባል ሰሚው የሚያስበው ሜሪላንድ ያለውን ካውንቲ ነው። እሱ ያለው ግን የአላባማዋን ከተማ ነበር።

መርማሪዎች አላባማ ደወሉ። እውነት ነው። ሴፕቴምበር 21 ሁለት ሴቶች ከመጠጥ መሸጫ ሱቅ ሲወጡ ተተኩሶባቸው አንዷ ሞታለች። ፖሊስ በእግሩ ያሳደደው ተጠርጣሪ ሲሮጥ የጦር መሣሪያ መጽሔት ጥሏል። መጽሔቱ ላይ የጣት አሻራ አለ። አሻራው በክልሉ መዝገብ ተፈልጎ ባለቤት አላገኘምና ቁጭ ብሏል። አንድ ወር ሙሉ ፋይል ውስጥ ቁጭ!

ወደ ዋሽንግተን ተወሰደና በብሔራዊው መዝገብ ሲታይ ስም ወጣ፤ ሊ ቦይድ ማልቮ። ልጁ በ2001 መጨረሻ በዋሽንግተን ስቴት (ዲሲ ሳይሆን በምዕራቡ ዳርቻ ያለው ግዛት) በኢሚግሬሽን ተይዞ አሻራ ሰጥቶ ነበር። ከማልቮ ወደ መሐመድ፣ ከመሐመድ እዚያው ስቴት ወዳለችው ታኮማ ከተማ፣ ከታኮማ ጥይት ወደተለማመዱበት የዛፍ ጉቶ፣ ከዚያ በስሙ ወደተመዘገበችው ካፕሪስና ወደ ታርጋዋ። ለሦስት ሳምንት ያልተፈታው ቋጠሮ በጥቂት ቀን ተተረተረ።

በዚህ መሀል እንኳ ቫኑ አልለቀቀም። ኦክቶበር 21 ሪችመንድ አጠገብ አንድ የሕዝብ ስልክ ላይ ፖሊስ አድፍጦ ነበር፤ ገዳዩ ከዚያ ይደውላል ተብሎ። አንድ ነጭ ቫን መጥቶ ስልኩ አጠገብ ቆመ። ተከበበ። ውስጡ የነበሩት ወረቀት የሌላቸው ሁለት ስደተኞች ነበሩ፤ ከጉዳዩ ጋር ምንም አይገናኙም። ለኢሚግሬሽን ተላልፈው ተሰጡ። ይህን ታሪክ ባየሁ ቁጥር ከገዳዮቹ ይልቅ የእነዚህ ሁለት ሰዎች ነገር ይመጣብኛል። ነጭ ቫን ነድተው፣ ስልክ አጠገብ ቆመው።

ፕሮፋይሊንግ ምን ረዳ?

ምንም አልረዳም ማለት ግን ትክክል አይሆንም። የባህርይ ባለሙያዎቹ የጠቀሙት ማነው የሚለውን በመገመት ሳይሆን እንዴት እናናግረው በሚለው ላይ ነው። ገዳዩ መከበርና መሰማት እንደሚፈልግ ከጥንቆላ ካርታውም ከደብዳቤውም ይነበባል። ሙስ ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ቆመው ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን መልእክት ያስተላልፉ ነበር፤ ደውልልን፣ የተናገርከው በደንብ አልተሰማንም፣ እንደገና እናውራ። ሌላው ተመልካች ምን እንደሚያወሩ አይገባውም። ሰውየው እንዲያወራ ማድረግ ሠርቷል። የወደቀውም ሲያወራ ነው።

የሙያው አፈ ታሪክ የሚጀምርበት ጉዳይም ቢሆን ከዚህ አይርቅም። ኒው ዮርክ ውስጥ ከ1940 ጀምሮ ለ16 ዓመት ቦምብ ሲያጠምድ የኖረ ጆርጅ ሜተስኪ የሚባል ሰው ነበር። በ1956 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ጄምስ ብረስል ስለ እሱ ትንተና ሰጡ። ሲያዝ ሁለት ረድፍ ቁልፍ ያለው ኮት ለብሶ፣ ቁልፉም ተቆልፎ ይሆናል ብለዋል ተብሎ እስከ ዛሬ ይወራል። እኔም ይህን ታሪክ ስወደው! ሜተስኪን ያስገኘችው ግን ኮን ኤዲሰን የሚባለው የኒው ዮርክ መብራት ኩባንያ ጸሐፊ ናት። የድሮ ሠራተኞችን የካሳ ፋይል ስታገላብጥ፣ በቦምብ አጥማጁ ደብዳቤዎች ላይ ያሉት የብሶት ቃላት አንድ ፋይል ውስጥ አገኘቻቸው። የኮቱም ነገር ያኔ ጋዜጣ ላይ በታተመው ትንተና ውስጥ የለም።

ስለ ኮቱ ሰምቶ የማይደመም የለም። ስለ ጸሐፊዋ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ፖድካስት የሚሠሩትም ይህን ያውቃሉ፤ ፋይል ማገላበጥ የአንድ ሰዓት ፕሮግራም አይሞላም። አእምሮ የሚያነብ ሰው ግን ጥሩ ገጸ ባሕርይ ነው። ችግሩ እኛ አድማጮች ውሎ አድሮ ወንጀል የሚፈታው እንደዚያ ነው ብለን መያዛችን ነው። ከዚያ ጎረቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ሲፈጠር ዝምተኛውን፣ ብቻውን የሚኖረውን፣ ሰላምታ የማይሰጠውን መጠርጠር እንጀምራለን።

አያያዛቸውና ፍርዱ

ኦክቶበር 23 ማታ የመሐመድ ስም ተነገረ፤ የካፕሪሷ ታርጋም በዜና ወጣ። ጥቂት ሰዓት አልቆየም። ሌሊት ሜሪላንድ ውስጥ ማየርስቪል አጠገብ፣ አይ-70 ላይ ካለ የመኪና ማረፊያ፣ መንገደኞች መኪናዋን አይተው ለፖሊስ ደወሉ። ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ሁለቱም በተኙበት ተያዙ። ሰዉ የሚፈልገው ትክክለኛው ነገር በተነገረው በመጀመሪያው ሌሊት ማለት ነው።

መኪናዋ ስትፈተሽ የኋላ ወንበሩ ወደ ዕቃ መጫኛው እንዲያሳልፍ ተደርጎ ተሠርቷል። ከታርጋው በላይ ቀዳዳ ተበስቷል። ውስጥ ተኝቶ፣ ክዳኑ እንደተዘጋ፣ በቀዳዳው መተኮስ ይቻላል። ለዚህ ነው ተኳሽ ያየ የጠፋው። ቡሽማስተር ጠመንጃውም እዚያው ተገኘ።

ለምን አደረጉት የሚለው እስካሁን አንድ መልስ የለውም። የገንዘብ ጥያቄው አለ። የመሐመድ የቀድሞ ሚስት ደግሞ ልጆቻቸውን የማሳደግ መብት በፍርድ ቤት አግኝታ ሜሪላንድ ትኖር ነበር። እሷ እንደምትለው ዋናው ዒላማ ራሷ ናት፤ ሌላው ሁሉ ግድያዋ የዘፈቀደ እንዲመስል የተደረገ ነው። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ።

መሐመድ ቨርጂኒያ ውስጥ ሞት ተፈርዶበት ኖቬምበር 10 ቀን 2009 በመርፌ ተገደለ። ማልቮ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በ2006 ሜሪላንድ ውስጥ በመሐመድ ላይ መሰከረ፤ አባት አድርጎ በያዘው ሰው ላይ። ቨርጂኒያ በ2020 18 ዓመት ሳይሞላቸው ወንጀል የፈጸሙ ሰዎች ከ20 ዓመት በኋላ አመክሮ እንዲጠይቁ ፈቀደች። ማልቮ ጠየቀ፤ በ2022 ተከለከለ።

እኛን የሚመለከተውን ሳልነግራችሁ አልጨርስም። አላባማ ላይ ሴቶቹ በተተኮሰባቸው በዚያው ዕለት፣ እኩለ ሌሊት አልፎ፣ አትላንታ ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ የመጠጥ መሸጫ ሱቅ ለመዝጋት ሲያግዝ ተገድሎ ነበር። የተገደለው በሽጉጥ ነው፣ በጠመንጃ አይደለም። ሌላ ከተማ፣ ሌላ መሣሪያ፣ ከሩቅ የተተኮሰም አይደለም። ተከታታይ ገዳይ አንድ ዘዴ ይዞ ይቆያል ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ከዋሽንግተኑ ጋር ለማያያዝ ምንም ምክንያት አይኖረውም። ያያያዘው የመሣሪያ ምርመራ ነው። ሞንትጎመሪ ላይ ተጠርጣሪው በሸሸበት መንገድ አንድ .22 ካሊበር ሽጉጥ ወድቆ ተገኘ፤ ሲመረመር የአትላንታውን ሰው የገደለው እሱ ሆነ።